በሞተርሳይክል ሞተር ለምትሄድ ትንሽ መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል ጉዞ ማስተካከያ

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ዓባይ ድልድይ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ከፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ ከሚያለያየውና ከሚያገናኘው ክፍል) ብዙ አይጠይቅም። ስለዚህ የፔዳሉ ጉዞ (ሲረገጥ የሚሄደው ርቀት) የተዛባ ፍሪሲዮን ለሳምንታት ሳይታወቅ ይሰነብታል። ችግሩ ብቅ የሚለው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ዳገቱን ሲይዙ ወይም በገበያ ቀን ግርግር መሐል በየሁለት ሜትሩ ሲቆሙና ሲነሱ ነው። ያኔ የሸራ (የፍሪሲዮኑ መያዣ ልባስ) ሽታ ይመጣል፣ ማርሽ አልገባ ይላል፣ አለዚያም ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው ካቦ ይበጠሳል።

ይህ መመሪያ ከ150 እስከ 200 ሲሲ የሆነ ሲጂ (የሆንዳ CG ንድፍ) ዓይነት ሞተር በቴላዮ (በመኪናዋ የብረት አጽም) ላይ ለተገጠመላት፣ ፍሪሲዮኗ በእግር ለሚረገጥ ትንሽ መኪና ነው። ሞተሩ በባለ ሦስት ጎማ የጭነት ሞተሮች ላይ የምናየው ነው፤ የፍሪሲዮኑ ክንድ (ካቦው የሚጎትተው ማንሻ) በቀኝ በኩል ባለው ክዳን ላይ ይወጣል። ሌላ ዓይነት የሞተርሳይክል ሞተር የገጠማችሁም አሠራሩን መከተል ትችላላችሁ፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ ሞተር ላይ ለኩ።

አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው ከአቅጣጫው ነው። ሰዎች መጀመሪያ ፔዳሉን ለእግር በሚመች ቦታ ይበይዳሉ፣ ከዚያ ካቦውን ይጎትቱና በማስተካከያ ብሎን ሊያስማሙት ይሞክራሉ። ሥራው መሄድ ያለበት በተቃራኒው ነው፤ ፍሪሲዮኑ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚፈልግ ከሞተሩ ላይ ተለክቶ፣ ፔዳሉ ለዚያ ልክ ይሠራለታል።

ከእጅ ወደ እግር

የሞተርሳይክል ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ የሚሠራ፣ ሸራና የብረት ዲስክ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ነው። ዲስኮቹ እንዲለቁ የሚያስፈልገው መነሳት በጣም ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ለማግኘት ክንዱ ላይ ያለው ካቦ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎተታል። ፋብሪካው ይህን ሁሉ ያሰላው ለአራት ጣት ጉልበት ነው። የእጅ ማንሻው የጣትን ኃይል ወደ 5 እጥፍ ያበዛል፤ ጣት 5 ኪሎ ቢጨምቅ ካቦው ላይ 25 ኪሎ ይደርሳል። ማንሻው ከመሪው እጀታ ጋር ሲገጥም ደግሞ ይቆማል። እጀታው ራሱ ማቆሚያ ነው።

እግር ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ አሽከርካሪ ሳያስበው 30 ኪሎ ይረግጣል። ፔዳሉ 7 እጥፍ የሚያበዛ ከሆነ ካቦው ላይ 210 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ የሚፈልገው 25 ኪሎ ስለሆነ ፔዳሉ ለእግር ባዶ ያህል ይቀልለዋል፤ እግርም ወለሉ እስኪያቆመው ድረስ ይረግጣል። ክንዱ ግን ከወለሉ በፊት መጨረሻው ላይ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ኃይል በሙሉ ካቦውን ይዘረጋል፣ ክንዱን ያጣምማል፣ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራውን ክዳን ይሰነጥቃል። ካቦ በየወሩ የሚበጠስባት መኪና ስታጋጥማችሁ ጠንካራ ካቦ ከመፈለጋችሁ በፊት የፔዳሉን ማቆሚያ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የ8፣ የ10፣ የ12 እና የ13 ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ካሊፐር ወይም በሚሊ ሜትር የተሰመረ የብረት ማስመሪያ፣ መስመር ለማስመር ቀለም ወይም ስለታም ሚስማር። መኪናዋን ለማንሳት ክሪክና ሁለት ጠንካራ ድጋፎች፣ ለፊት ጎማዎች ታኮ። ለማቆሚያው ሁለት የ8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዳዶ ያላቸው፣ አንድ መመለሻ ሞላ። ፔዳሉ ላይ ቀዳዳ ለማውጣት ትራፓን።

ካቦውን በተመለከተ፣ ሞተሩ ከኋላ ላለባት መኪና የሞተርሳይክል ካቦ ያጥራል። በከተማው የባጃጅ መለዋወጫ ቤቶች የሚሸጠው የባጃጅ ፍሪሲዮን ካቦ ከመሪው እስከ ኋላ ሞተር ስለሚሄድ ርዝመቱ ለብዙ ሥራ ይበቃል። ሳትገዙ በፊት ካቦው የሚያልፍበትን መንገድ በገመድ ለክታችሁ ሂዱ፤ ቀጥታ ርቀት ለክቶ መግዛት ሁልጊዜ ያሳጥራል። የካቦው ራስ ከክንዱ ጋር ካልገጠመ ቶርኖ ቤት አስቆርጦ ማሠራት ይሻላል። ሽቦውን በሮንዴላና በብሎን ጨብጦ መያዝ ለአንድ ቀን መንገድ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ብሎኑ የሽቦውን ክሮች አንድ በአንድ ይቆርጣል።

መጀመሪያ ሞተሩ ላይ መለካት

ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነሳ። ለፊት ጎማዎች ታኮ አድርጉና ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ከመሬት አንስታችሁ ድጋፍ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ትኩስ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ክንዱ አጠገቡ ስለሆነ እጅ ይነካል።

ካቦውን ከክንዱ ላይ አውጡ። ክንዱን በጣታችሁ ስትገፉት መጀመሪያ ያለ ተቃውሞ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠነክራል። የጠነከረበት ቦታ ውስጥ ያለው ገፊ ፍሪሲዮኑን የነካበት ነው። እዚያ ላይ ክዳኑና ክንዱ ትይዩ የሆኑበትን በቀለም አስምሩ። ይህን «ንክኪ» እንበለው።

አንደኛ ማርሽ አስገቡ። አንድ ሰው ጎማውን ለማዞር ይሞክር፣ ሌላው በክንዱ ቀዳዳ ላይ ሽቦ ወይም መንጠቆ አስገብቶ ካቦው በሚጎትትበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይጎትት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዲፈረንሻል ባላት መኪና አንዱን ጎማ ብቻ ብታዞሩ ሌላው በተቃራኒ ይዞራል፤ ፍሪሲዮኑ የለቀቀ ይመስላል፣ ግን አልለቀቀም። ስለዚህ ሁለቱን ጎማዎች በአንድ አቅጣጫ አዙሩ፣ ወይም ካርዳኑን (ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ) በእጅ ያዙና አዙሩ። በካቴና የምትሄድ ከሆነች ጥርሱን ማዞር ይበቃል።

ክንዱ እየተጎተተ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ካርዳኑ ይለቃል። ዘይቱ ስለሚይዘው ፍጹም ነፃ አይሆንም፤ በእጅ እኩል በሆነ ቀላል ተቃውሞ ከዞረ ለቋል ማለት ነው። ይህን ሁለተኛ ነጥብ «መልቀቂያ» ብላችሁ አስምሩ። በካቦው ቀዳዳ ላይ በንክኪና በመልቀቂያ መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር ለኩ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ትልቁን ቁጥር ያዙ።

ምሳሌ እንውሰድ። ልኬቱ 7 ሚሊ ሜትር ወጣ እንበል። በላዩ 2 ሚሊ ሜትር እንጨምራለን፤ ሞተሩ ሲግልና ካቦው ሲረዝም መልቀቁ እንዳይጎድል መጠባበቂያ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ደግሞ ባዶ ጉዞ ነው፤ ፔዳሉ ሳይነካ ገፊው ፍሪሲዮኑን እንዳይጫን የሚተው ክፍተት። ድምሩ 11 ሚሊ ሜትር ክንዱ ላይ። ረጅም ካቦ ደግሞ ሽፋኑ ስለሚጨመቅና ጥምዝምዙ ስለሚወጠር ትንሽ ይበላል፤ 2 ሚሊ ሜትር ብንሰጠው ከፔዳሉ የሚፈለገው 13 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ለዚህ 13 ነው።

አንዳንድ ሞተሮች ከካቦው ሌላ ክዳኑ ላይ ወይም ከግራ በኩል ትንሽ ማስተካከያ ብሎንና ዳዶ አላቸው። ካላቸው መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው። ካቦው ሙሉ በሙሉ ልል ሆኖ ዳዶውን ፍቱ፣ ብሎኑን በካቻቪቴ እስኪነካ ብቻ አስገቡ፣ ከነካ በኋላ ሩብ ዙር መልሱና ብሎኑን ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ይህን ሳይነኩ በካቦ ብቻ ማስተካከል የክንዱን ማዕዘን ያበላሸዋል።

ስለ ማዕዘኑ፦ ካቦውና ክንዱ በጉዞው አጋማሽ ላይ በ90 ዲግሪ መገናኘት አለባቸው። ክንዱ አስቀድሞ ወደ ካቦው ያዘነበለ ከሆነ መጨረሻው አካባቢ ጉልበት ይበላል፣ የሚያነሳውም ያንሳል። ክንዱ በጥርስ ዘንግ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ብሎኑን ፈትቶ አንድ ጥርስ ማዞር ይቻላል።

ፔዳሉ ላይ ቀዳዳ መምረጥ

ከፔዳሉ ፒን (ፔዳሉ ከሚዞርበት ዘንግ) እስከ መርገጫው መሐል ያለውን ለኩ። 210 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ካቦው የሚያዝበት ቀዳዳ ከፒኑ ያለው ርቀት የፔዳሉን ብዜት ይወስናል። 30 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ 210 ለ30፣ ማለትም 7 እጥፍ ነው፤ ለ13 ሚሊ ሜትር ካቦ መርገጫው 91 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 25 ላይ ከሆነ 8.4 እጥፍ ሆኖ ጉዞው ወደ 109 ይደርሳል፣ 35 ላይ ከሆነ 6 እጥፍ ሆኖ 78 ብቻ ይሆናል።

ሦስቱንም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አውጡ። ለመጀመሪያ 30ውን ተጠቀሙ። የ35ቱ ቀዳዳ ሰውን የሚያታልል ነው፤ አጭር ጉዞ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ በፔዳሉ ላይ ጠባብ ስለሚሆን መኪናዋ እየዘለለች ትነሳለች። የሞተርሳይክል ፍሪሲዮን ሲሠራ ከሞተርሳይክሉ ጋር ሰው ታስቦ ነው፤ የእናንተ መኪና ከነተሳፋሪዋ ከዚያ እጥፍና ከዚያ በላይ ትመዝናለች። ቀስ ብሎ መልቀቅ ለእሷ ግዴታ ነው፤ ረዘም ያለ ጉዞ ያን ይሰጣል። በሌላ በኩል ከ110 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ጉዞ አጭር ሰው መቀመጫው ላይ ወደፊት እንዲንሸራተት ያስገድዳል።

ካቦው ወደ ኋላ ሞተር የሚሄድ ከሆነ የሚያዝበት ቀዳዳ ከፒኑ አንጻር በመርገጫው ወገን መሆን አለበት፤ ያኔ ፔዳሉ ሲረገጥ ካቦው ወደፊት ይጎተታል። ከቆራሌ የተገዛ የመኪና ፔዳል ብዙ ጊዜ ለሌላ አቅጣጫ የተሠራ ነውና ከመበየዳችሁ በፊት በእጅ እያንቀሳቀሳችሁ እዩት። ፒኑ ላይ የጎን መወዛወዝ ካለ ቡሹን (ፒኑን የሚያቅፈውን ቀለበት) አስቀይሩ። ፒኑ ላይ ያለች ግማሽ ሚሊ ሜትር ልልነት መርገጫው ላይ በብዙ እጥፍ ትታያለች።

ካቦው የሚያርፍባቸው ቦታዎች

የካቦው ውጪኛ ሽፋን በሁለቱም ጫፍ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። ከፊት በኩል ፔዳሉ የተያዘበት ብረት ላይ እንጂ ቀጭን ላሜራ ላይ አይሁን። ላሜራ በተረገጠ ቁጥር ይታጠፋል፣ ካቦው 4 ሚሊ ሜትር ሲያጣ ሰው «ካቦው ረዘመ» ይላል። ከኋላ በኩል ደግሞ ማረፊያው ሞተሩ ራሱ ላይ ይሁን። ፋብሪካው ክዳኑ አጠገብ የሠራለት ቦታ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። ማረፊያውን ቴላዮ ላይ ካደረጋችሁት፣ ሞተሩ በጎማ መቀመጫ ላይ ስላለ፣ መኪናዋ ስትነሳ ሞተሩ ይነቃነቃል፣ ካቦውም በራሱ ይጎተታል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጎተታል። በአንደኛ ማርሽ ሲነሱ መኪናዋ የምትንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ሸራ ተቀይሮ የማይድነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመንገዱ ላይ ያሉ ጥምዞች ሰፊ ይሁኑ፤ ከ12 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ በታች አትጠምዝዙ። ከማርሚታው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የፕላስቲክ ልባስ ከቀለጠ በኋላ ካቦው በየትኛውም ብሎን አይስተካከልም።

ከዚህ በኋላ የጠፋውን ጉዞ ለኩ። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ሌላው ከፊት የሽቦውን፣ ከኋላ የክንዱን እንቅስቃሴ በማስመሪያ ይመልከት። ፊት 13 ሄዶ ኋላ 11 ከመጣ እንዳሰባችሁት ነው። ኋላ 9 ብቻ ከመጣ ካቦውን አትወጥሩ፤ የሚታጠፈውን ብረት ፈልጉ። እጅን ማረፊያው ላይ አድርጎ ፔዳሉን ማስረገጥ ከዓይን የተሻለ ይነግራል።

ሁለት ማቆሚያና አንድ ሞላ

ፔዳሉ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ከላይ የሚያርፍበት ማቆሚያ፣ ከታች የሚያቆመው ማቆሚያ፣ ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ።

ሞላው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ምክንያቱም የፍሪሲዮኑ ሞላዎች ፔዳሉን ራሳቸው ስለሚመልሱት ነው። ሆኖም የሚመልሱት እስከ ንክኪ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የፔዳሉ ክብደት ካቦው ላይ ይንጠለጠላል። ባዶ ጉዞ ሰጥቻለሁ ያለ ሰው ባዶ ጉዞ የለውም፤ ገፊው ሌት ተቀን ፍሪሲዮኑን ይጫናል፣ መሐል ያለችው ኩሽኔታ ትበላለች፣ ሸራው ይንሸራተታል። መርገጫው ላይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚሰማ ሞላ ምረጡ። ይህ ክብደት እግር ፔዳሉን እንዲያውቀውም ይረዳል፤ ቀላል ፔዳል ላይ ሰው ሳያውቀው እግሩን አሳርፎ ይነዳል።

የላይኛው ማቆሚያ የፔዳሉን መነሻ ይወስናል። ከፍሬኑ ፔዳል ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የታችኛውን ማቆሚያ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አድርጋችሁ፣ ከፔዳሉ ክንድ ፊት ለፊት ቴላዮው ላይ በተበየደ ዳዶ ውስጥ አስገቡት። የሚያርፍበት ቦታ ወደ መርገጫው ቅርብ ይሁን፤ ፒኑ አጠገብ ከሆነ ፔዳሉ ራሱ ይጣመማል።

ማስተካከሉ

አሁን ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው። ካቦው ላይ ያሉትን ማስተካከያዎች ሁሉ ወደ ልልነት አዙሩ፣ የታችኛውን ማቆሚያ ብሎን ወደ ውስጥ መልሱ። የላይኛውን ማቆሚያ መርገጫው በሚመቻችሁ ከፍታ ላይ አስተካክሉና ዳዶውን ቆልፉ። ይህ ከተቆለፈ በኋላ አይነካም።

ካቦውን ክንዱ ላይ መልሱ። ከሞተሩ በኩል ባለው ማስተካከያ ልልነቱን ሰብስቡ፤ ክንዱን በጣት ስትይዙ ከካቦው በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነፃ እስኪቀር። በዚህን ጊዜ መርገጫውን በእጅ ስትገፉ ከ14 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሞላውን ብቻ እየተጫነ ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ከፔዳሉ አጠገብ ሌላ ማስተካከያ ካለ መሐሉ ላይ ተዉት፤ ለወደፊቱ ለሁለቱም ወገን ቦታ ይኖረዋል።

መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው እያዞራችሁ ባዶ ጉዞውን እንደገና እዩ። ቁጥሩ ከተለወጠ ካቦው የሆነ ቦታ እየተነካ ነው።

ቀጥሎ የታችኛው ማቆሚያ። የኋላ ጎማዎች እንደተነሱ፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን በጣም ቀስ ብሎ ይርገጥ፣ ሌላው ካርዳኑን ያዙር። በለቀቀበት ቅጽበት ፔዳሉን አስቁሙና የመርገጫውን ቦታ አስምሩ። ከዚያ ሌላ 14 ሚሊ ሜትር ውረዱ፤ ያ ለመጠባበቂያ የተጨመረው የካቦ 2 ሚሊ ሜትር በ7 እጥፍ ነው። ማቆሚያ ብሎኑን ፔዳሉን እስኪነካ አውጡና ዳዶውን አጥብቁ። አሁን በሙሉ ጉልበት ረግጣችሁ ክንዱን ተመልከቱ። ፔዳሉ ማቆሚያው ላይ ሲያርፍ ክንዱ ገና ትንሽ የመሄድ አቅም ሊኖረው ይገባል። ክንዱ ቀድሞ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ማቆሚያው ሥራ አልሠራም፤ ብሎኑን ጨምሩለት።

ሞቃት ላይ መፈተሽ

ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተደረገ ማስተካከያ ግማሽ ሥራ ነው። መኪናዋን ከድጋፉ አውርዱ፣ ሞተሩን አስነሱና ለ10 ደቂቃ አሙቁ። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ 1400 ዙር አካባቢ ይሁን። ሚኒሞው 2000 ላይ ሆኖ አንደኛ ማርሽ ሲገባ የሚሰማው ግጭት ከፍሪሲዮን አይደለም፤ ይህን ሳያዩ ካቦ የሚወጥሩ ብዙ ናቸው።

ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ከፊት ሰው ሳይኖር፣ ፔዳሉን እስከ ማቆሚያው ረግጣችሁ ሁለት ሴኮንድ ጠብቁና አንደኛ አስገቡ። ትንሽ «ቋ» ማለት የተለመደ ነው። መኪናዋ ግን ወደፊት መሳብ የለባትም። ነዳጅ ጨምራችሁ እስከ 3000 ዙር አድርሱት፤ አሁንም መቆም አለባት። ቀጥሎ የኋላ ማርሹን ሞክሩ። የሞተርሳይክል ሞተር የራሱ የኋላ ማርሽ ስለሌለው ከሞተሩ ቀጥሎ ለብቻው የተገጠመ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ነው ያለው፤ ጥርሶቹ በቀጥታ የሚገናኙ ናቸው። ፍሪሲዮኑ ትንሽ እንኳ ካልለቀቀ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። በወደፊት ማርሾች ያልታየ ጉድለት እዚያ ይያዛል።

መንሸራተቱን ደግሞ በዳገት ፈትሹ። ሰሌዳና ፈቃድ ያላት መኪና ከሆነች የቤዛዊት መንገድ ይበቃል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ሆናችሁ በአንድ ጊዜ ሙሉ ነዳጅ ስጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ካልጨመረና ብቻውን ከሮጠ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ከአንድ ሁለት ሙከራ በላይ አታድርጉ፤ እያንዳንዱ ሸራ ይበላል። ሰሌዳ የሌላት መኪና በግቢ ውስጥ፣ በፍሬን ተይዛ በአንደኛ ቀስ ብሎ በመልቀቅ ትፈተሻለች፤ ሞተሩ ዙሩ ወርዶ ሊጠፋ ከቃጣው ፍሪሲዮኑ ይዟል።

ባዶ ጉዞውን በሞቃቱ እንደገና ለኩ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ካቦውን ትንሽ አላሉት።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

ባዶ ጉዞ ራሱ ይናገራል። እየጨመረ ከሄደ ካቦው እየረዘመ ወይም ማረፊያው እየታጠፈ ነው። እየቀነሰ ከሄደ ሸራው እየሳሳ ነው፤ ሸራ ሲሳሳ ውስጥ ያለው ክፍል ወደ ገፊው ይጠጋልና። ስለዚህ ባዶ ጉዞውን በየሁለት ሳምንቱ ለክቶ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ክዳን ሳይከፍቱ ውስጡን እንደማየት ነው። ካቦውን ደጋግማችሁ እያላላችሁ ከሆነ የሸራ መቀየሪያ ገንዘብ ማዘጋጀት ጀምሩ።

ባዶ ጉዞው ትክክል ሆኖ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን መጀመሪያ ዘይቱ ይጠየቅ። ለመኪና ተብሎ የሚሸጥ፣ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ዘይት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን አይሆንም፤ ሸራውን ያንሸራትታል። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ያለበትን የሞተርሳይክል ዘይት ግዙ። እነዚህ ሞተሮች አንድ ሊትር አካባቢ ነው የሚይዙት፣ ለዚህ መቆጠብ ትርፍ የለውም። ዘይቱ ተቀይሮ ለጥቂት ቀን ተነድቶ ካልተሻለው ክዳኑ ይከፈት። የተፋሰሰውን ዘይት በጀሪካን አስቀምጡ፤ ወደ ጣና የሚወርድ ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ዓሣውም የሚጠጣውም ውሃ የኛው ነው።

ክዳኑ ሲከፈት በሲጂ ዓይነት ሞተር አዲስ ሸራ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 2.6 የደረሰ ይቀየር። የብረት ዲስኮቹን መስታወት ላይ አስተኟቸው፤ ከሥሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ስስ ብረት የሚያስገባ የተጣመመ ነው። ሰማያዊ የሆነ ዲስክ ተቃጥሏል። አዲሱን ሸራ ከመግጠማችሁ በፊት ሌሊቱን ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ አሳድሩት፤ በደረቁ ከገባ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። ሞላዎቹን የያዙትን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ የሚገቡበት አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ይሰበራል። ጓርኒሲዮኑን (የክዳኑን ማሸጊያ) አዲስ አድርጉ።

ጉዞው ሙሉ ሆኖ የማይለቅ ፍሪሲዮን ግራ ያጋባል። ጠዋት ላይ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር ብርድ፣ ዘይቱ ወፍሮ ዲስኮቹን አጣብቋል፤ ፔዳሉን ረግጦ ሦስት አራት ጊዜ መርገጫ ማስነሻውን መምታት ያላቅቃቸዋል። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ዲስኮቹ የሚንሸራተቱበትን የውጪ ቅርጫት እዩ። የዲስኮቹ ጆሮ ቅርጫቱ ጣቶች ላይ ጎድጓዳ ከቀረጸ ዲስኩ እዚያ ይያዛል፣ አይለያይም። ጥልቀት የሌለውን በሞረድ ለስልሶ በብርጭቆ ወረቀት ማጥራት ይቻላል፤ ጥልቁን ቀይሩ። ፔዳል እያስተካከሉ ይህን ማዳን አይቻልም።

በየጊዜው ሸራ የምትበላ፣ ማስተካከያዋ ግን ትክክል የሆነች መኪና የማርሽ ምጣኔዋ ረጅም ነው። በአንደኛ ማርሽ ያለ ብዙ ነዳጅ ቀስ ብላ መነሳት ካልቻለች የኋላው ጥርስ ወይም ዲፈረንሻል ለክብደቷ አልተመረጠም። የጭነት ባለ ሦስት ጎማዋ ዲፈረንሻል ከነ ምጣኔው ከተወሰደ ችግሩ እምብዛም አይነሳም፤ ከቀላል መኪና የተወሰደ ዲፈረንሻል ላይ ግን የተለመደ ነው።

ከክረምትና ከአቧራ ጋር

የመንገድ አቧራ በበጋ፣ የክረምቱ ጭቃ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሁለቱም ካቦው ውስጥ ይገባሉ። ከላይኛው ጫፍ የጎማ ቆብ አልብሱት፤ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ በሽቦ ቢታሰር ይበቃል። መኪና ስታጥቡ ውሃውን በቀጥታ ካቦው ጫፍ ላይ አትርጩ። በወር አንድ ጊዜ ካቦውን ከላይ ነቅላችሁ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቡበት፣ ከታች እስኪወጣ። ውስጡ ፕላስቲክ ልባስ ያለው ካቦ ላይ ግን ግራሶ አታስገቡ፤ አቧራ ይዞ ይለጥፈዋል።

የካቦው ራስ አጠገብ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካያችሁ ካቦውን ቀይሩ። አዲሱ ካቦ በመጀመሪያው ሳምንት ይቀመጣል፣ ትንሽ ይረዝማል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ባዶ ጉዞውን እንደገና ወደ 14 ሚሊ ሜትር መልሱት። የታችኛውን ማቆሚያ ግን አትንኩት፤ እሱ የተለካው ለፍሪሲዮኑ እንጂ ለካቦው አይደለም። ቀለም የቀባችሁባቸውን መስመሮች ክዳኑ ላይ አትጥረጓቸው፤ ቀጣዩ መካኒክ ሥራውን የሚጀምረው ከእነሱ ነው።